ሂርማታ የገዛኋት ዶሮ የሲሲሊ ዘር ትሆን?

የቆጪዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? የምኖረው ጅማ፣ ቆጪ ነው። ዶሮ የማረባው ለቤት ነው። እንቁላል ሲተርፈኝ ለጎረቤት እሸጣለሁ። ዛሬ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁት።

ክረምት ሳይገባ ሂርማታ ሐሙስ ገበያ ወርጄ አንዲት ቄብ ገዛሁ። ያመጣቻት ሴትዮ ከሰቃ በኩል ነው የመጣችው። መልኳ ወርቃማ ቀይ ነው። ጀርባዋና ክንፏ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለባት። ዓይኔን የሳበው ግን ራሷ ነው። አናቷ ላይ ያለው ቀዩ ሥጋ እንደ ሌሎቹ ዶሮዎቼ አንድ መስመር አይደለም። ከምንቃሯ በላይ ተነስቶ ለሁለት ይከፈልና ግራና ቀኝ ይቆማል። ገበያ ላይ "ድርብ" ከሚሉትም ይለያል፤ ድርብ ጠፍጣፋ ነው፣ የእሷ ቆሟል።

ጣሊያን አገር ላለች የአክስቴ ልጅ ፎቶዋን ብልክላት "ይቺማ የሲሲሊ ዶሮ ናት፣ እዚህ እንኳ ብርቅ ናት" ብላ አስደነገጠችኝ። ከዚያ በኋላ ፎቶ ስፈልግ አደርኩ። እውነትም አናታቸው ይመሳሰላል።

አማቴ ደግሞ ሞላ ስላለች ለበዓል ትታረድ ይላሉ። እሳቸውን እምቢ ለማለት ምክንያት ያስፈልገኛል። እውነት የሲሲሊ ዘር ናት? ካልሆነችስ የዚያን ዘር እንቁላል ከጣሊያን አስመጥቼ እዚህ ማስፈልፈል ይቻላል? ይህን አናት እንዳላጣው ምን ዓይነት አውራ ልስጣት? የምታውቁ እባካችሁ።

ቦሳ ቂጦ ጫጩት

ሰላም እህቴ። እኔ ቦሳ ቂጦ አካባቢ ጫጩትና ቄብ አከፋፍላለሁ። ፎቶውን አየሁት፣ ታምራለች። የእኔ ግምት ግን ፋዩሚ የተቀላቀለባት የሀበሻ ዶሮ ናት የሚል ነው። ፋዩሚ የግብፅ ዶሮ ናት፤ እኛ አገር ከገባች ቆይታለች። ነጠብጣቡን ከእሷ ያመጣችው ይመስለኛል።

እግሯን ፎቶ አንሺና ላኪልን። ደግሞ ፈንግል የሚባለውን የዶሮ በሽታ አስከትበሻታል? የዘሯ ነገር ይደርሳል፣ ፈንግል ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ዝናብ ሲያባራ እኛ ሰፈር ሁልጊዜ ይገባል።

ለመሸጥ ካሰብሽ ለዓይን የምታምር ዶሮ የሚፈልግ ደንበኛ አለኝ። ለማረድ ከሆነ ግን ያሳዝናል።

ጡረተኛው የእርሻ ኮሌጅ ሰው

ልጄ፣ በመጀመሪያ አትታረድ። የቀረውን ቀስ ብለን እናያለን።

ዕድሜዬን የፈጀሁት እዚሁ ጅማ እርሻ ኮሌጅ፣ ዶሮ ርባታ ክፍል ነው። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ዶሮ ሳላይ የዋልኩበት ቀን የለም። የጠየቅሽው ነገር ልቤን ነክቶታልና ረዘም አድርጌ ብመልስልሽ ታገሺኝ።

የሲሲሊ ዶሮ በእርግጥ አለች። ጣሊያኖቹ ሲቺሊያና ይሏታል፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሲሲሊያን ባተርከፕ ይላታል። አሜሪካኖች በዶሮ መመዘኛ መጽሐፋቸው ሜዲትራኒያን ብለው የመደቡት ወገን አለ። ሌግሆርን፣ ሚኖርካ፣ አንኮና፣ ሰማያዊዋ አንዳሉሲያ፣ ፊቷ ነጭ የሆነችው ጥቁር ስፔን፣ ካታላና፣ ከእነሱም ጋር ይቺ የሲሲሊዋ። ቀልጣፋና ቀላል ዶሮዎች ናቸው። በአብዛኛው ነጭ እንቁላል ይጥላሉ። መታቀፍ ግን አይወዱም።

ከእነዚህ መካከል አንዷን ጅማ በደንብ ታውቃታለች። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ እርዳታ ለጅማና ለአለማያ እርሻ ትምህርት ቤቶች አራት የፈረንጅ ዝርያዎች ገብተው ነበር። ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ኒው ሃምፕሻየር፣ አውስትራሎርፕና ነጭ ሌግሆርን። ሌግሆርን የጣሊያን ዘር ናት፤ ስሟን ያገኘችው ከሊቮርኖ ወደብ ነው። ስለዚህ በጅማ ዙሪያ ገጠር የሜዲትራኒያን ደም ያለበት ዶሮ ብታገኚ አይገርመኝም። የሲሲሊዋ ግን ከአራቱ ውስጥ የለችም።

አሁን ወደ አናቷ እንምጣ። የሲሲሊዋ ቀይ ሥጋ ከምንቃሯ ሥር በአንድ ነጠላ መስመር ይነሳል። ጥቂት ሄዶ ይከፈልና አናቷ መሃል ላይ ዞሮ ከኋላ ይገጥማል። ዙሪያውን ሹል ሹል ጫፎች አሉት፣ መሃሉ ባዶ ነው። ከላይ ሆነሽ ስታዪው የቡና ሲኒ አናቷ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። በዶሮ ዓለም ይህን የመሰለ የዘር መለያ አድርገው የያዙ ዝርያዎች በጣም ጥቂት ናቸው።

የአንቺ ዶሮ ግን በጻፍሽው መሠረት ተከፍሎ ይቆማል እንጂ አይገጥምም። ይህ የሁለት ቀንድ ቅርጽ ነው። ሁዳንና ላ ፍሌሽ የተባሉት የፈረንሳይ ዶሮዎችም እንደዚያ ናቸው። ነገሩ ሥሩ አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የዘረ መል ጥናት እንዳሳየው ሲኒውም ሆነ ቀንዱ ያላቸው ዶሮዎች በሁለተኛው ክሮሞዞማቸው ላይ አንድ ዓይነት ድግግሞሽ አላቸው። ሃያ ሺህ ያህል የዘር ፊደል የሚሆን ቁራጭ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ቦታውም ኢኦሜስ ከሚባል ዘረ መል ትንሽ ራቅ ብሎ ነው። በዚህ ድግግሞሽ የተነሳ ያ ዘረ መል ጫጩቱ ገና እንቁላል ውስጥ እያለ በተለምዶ በማይሠራበት ቦታ ይሠራል፤ ሥጋውም ለሁለት ይከፈላል።

ይህን የነገርኩሽ ወድጄ አይደለም። አናት ብቻውን የትውልድ አገር አይነግርሽም። የሀበሻ ዶሮ ላይ በየክልሉ የተሠሩ ጥናቶችም ነጠላና ድርብ ከሚበዙበት መሃል ለሁለት የተከፈለ አናት ያላቸው ጥቂት ዶሮዎች መኖራቸውን መዝግበዋል። ስለዚህ ሌላ ምስክር ያስፈልገናል።

እግሯን እዪ። የሲሲሊዋ እግር አረንጓዴ ነው። ደብዘዝ ያለ፣ ወደ ወይራ የሚያደላ አረንጓዴ። ቢጫ ቆዳ ከላይ ሆኖ ከሥሩ ጥቁር ቀለም ሲኖር ነው እንደዚያ የሚታየው። ከሜዲትራኒያን ወገን ይህ እግር ያላት እሷ ብቻ ናት። በውሃና በሳሙና እጠቢና በፀሐይ ብርሃን እዪው፤ የጅማ ጭቃ እያለበት አትፍረጂ።

ከዚያ ላባ። ከወደቀ ላባ ላይ የጀርባዋን አንድ አንሺና ወደ ብርሃን አዙረሽ ያዢው። የሲሲሊዋ ሴት ላባ መደቡ ወርቃማ ነው። በላዩ ላይ ሞላላ ጥቁር ነጠብጣቦች ከላባው አከርካሪ ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆነው በመስመር ይሄዳሉ። የተበታተነ ከሆነ፣ ወይም ጫፉ ላይ ብቻ ከጠቆረ እሷ አይደለችም። አንገቷ ላይ ደግሞ ነጠብጣብ አትጠብቂ፤ እዚያ ጥርት ያለ ወርቅ ነው። ወንዱ ከዚህ ይለያል። ደማቅ ቀይ ብርቱካናማ ሆኖ ጅራቱ ጥቁር ነው።

ወንድማችን ፋዩሚ ላለው፦ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ግን ፋዩሚ አናቷ ነጠላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምናያትም አንገቷ ነጭ ብርማ የሆነችውን ናት። ነጠብጣቡን ልታወርሳት ትችላለች፣ የተከፈለውን አናት ግን ከእሷ አላመጣችውም።

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ታቅፋ ታውቃለች? እንቁላሏስ ምን ዓይነት ነው? ሌላም ልብ በዪ፤ ከአናቷ በስተኋላ ጉትዬ አላት? ትንሽም ብትሆን ንገሪኝ። መልስሽን እጠብቃለሁ።

የቆጪዋ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ ይመልስልኛል ብዬ አልጠበቅኩም። ዛሬ ከሥራ እንደወጣሁ አንድ በአንድ አየሁላት።

እግሯን አጠብኩት። ቢጫ ነው፣ አረንጓዴ የለበትም። ላባዋን ብርሃን ላይ ያዝኩት። ነጠብጣቡ ጫፉ ላይ ነው፣ አንዳንዱ ላባ ላይ ጭራሽ የለም። አንገቷም ላይ ጥቁር አለ። ጉትዬ ላሉት፣ ከቀዩ ሥጋ ኋላ ቀና ያሉ አጫጭር ላባዎች አሉ። እስከ ዛሬ ልብ አላልኳቸውም ነበር።

እንቁላሏ ወደ ክሬም የሚሄድ ነው፣ ትንሽ ነው። መታቀፍማ በክረምቱ ታቅፋ ነበር። ከእንቁላሉ ላይ እጄን ሳስገባ ትነክሰኛለች። ሰባት ጫጩት አውጥታ አራቱ አድገዋል። ሁለቱ ወንዶች ናቸው። አንደኛው አውራ አናቱ ፊት ለፊት ነጠላ ሆኖ ከኋላ ተከፍሏል። አባታቸው የጎረቤት አውራ ነው፣ ነጠላ።

እንግዲህ የሲሲሊ አይደለችማ? ትንሽ ከፋኝ፤ አልዋሽዎትም።

ካታኒያ ያለሁት

ሰላም የአገሬ ልጆች። የአጋሮ ልጅ ነኝ። የምኖረው ሲሲሊ፣ ካታኒያ አካባቢ ነው። ከኤትና ተራራ ሥር ባለ መንደር አንዲት ባልቴት እንከባከባለሁ። ጓሯቸው ውስጥ እነዚህ ዶሮዎች ስላሉ ርዕሱን ሳይ ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም።

ጋሼ የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው። እኔ በዓይኔ የማየውን ልጨምር።

ቆጥ አይወዱም። ቤት ተሠርቶላቸዋል፤ ማታ ግን ሎሚ ዛፍ ላይ ወጥተው ነው የሚያድሩት። አጥር ምንም አይደለም ለእነሱ። ሰው ሲጠጋቸው ይበረግጋሉ። እኔን እንኳ በየቀኑ እየመገብኳቸው እጄ ላይ የሚመጣ የለም። ጭልፊት ሲያንዣብብ ግን ከሁሉም ቀድመው የሚያዩት እነሱ ናቸው። አንዷ ድምፅ ስታሰማ ሁሉም ቁጥቋጦ ሥር ነው።

ቀኑን ሙሉ ይጭራሉ። በጋ ላይ እዚህ ሙቀቱ ሰው ያስጨንቃል። እነሱ ከሰዓት በኋላ ጥላ ሥር ክንፋቸውን ከፈት አድርገው ይቆያሉ፣ ሲበርድ እንደገና ይወጣሉ። እንቁላላቸው ነጭና አነስ ያለ ነው። ባልቴቷ የዘር እንቁላል ሲፈልጉ የሚያስታቅፉት ሌላ ዘር ዶሮ ሥር ነው። የሲሲሊዋ ራሷ አትቀመጥም። እስካሁን የታቀፈች አላየሁም።

ሲኒ የመሰለው አናታቸውም ሁሉም ላይ አያምርም። አንዳንዱ ከኋላ ሳይገጥም ይቀራል፣ አንዳንዱ መሃሉ ላይ ተጨማሪ ጫፍ ያበቅላል። ባልቴቷ ለዘር የሚያስቀሩት ክቡ የተስተካከለውን ነው። ሌላውን ለጎረቤት ይሰጣሉ። ንጹሑን ዘር የሚያረቡት በፍቅር የሚይዙት ሰዎች ናቸው እንጂ ለንግድ የሚይዘው የለም ማለት ይቻላል። ሱቅ የምናገኘው እንቁላል የትልልቅ እርሻ ዶሮ እንቁላል ነው፣ እንደየትም አገር።

እህቴ፣ አይክፋሽ። ብዙ ሰው በሻንጣሽ እንቁላል ይዘሽልኝ ነይ ይለኛል። ይህን ግን አላደርገውም። የወፍ ጉንፋን በአውሮፓ በየጊዜው እየተነሳ ነው። የአጋሮን የእናቴን ዶሮ አደጋ ላይ ጥዬ ለአንቺ ስጦታ ማምጣት አልችልም።

ጡረተኛው የእርሻ ኮሌጅ ሰው

የአጋሮዋ ልጅ ተባረኪ። በተለይ ስለ ሻንጣው ያልሽውን ሁሉም ሰው ቢሰማሽ ደስ ይለኛል። የዘር እንቁላልም ሆነ ጫጩት ከውጭ ለማስገባት ከሚመለከተው የመንግሥት ግብርና መሥሪያ ቤት ፈቃድ፣ ከላኪው አገርም የእንስሳት ጤና ሰርተፍኬት ያስፈልጋል። ይህ ለቢሮክራሲ ብቻ የተቀመጠ አይደለም። ፈንግልም የወፍ ጉንፋንም በሰው እጅም ድንበር ይሻገራሉ።

አሁን ወደ ቆጪዋ ልጄ። አዎ፣ የሲሲሊ አይደለችም። ታቅፋ ጫጩት ማውጣቷ ብቻውን ይበቃኝ ነበር። እግሯና ጉትዬዋ ሲጨመር ነገሩ አለቀ። ጉትዬና ቀንድ አብረው መሄድ ያዘወትራሉ፤ የሲሲሊዋ ደግሞ ጉትዬ የላትም። የያዝሻት የሀበሻ ዶሮ ናት፤ አናቷ የተከፈለ፣ ጫጩቷን ራሷ የምታሳድግ። ከፋኝ ማለትሽን ግን አልቀበልም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

የሲሲሊዋን ዛሬ ብርቅ ያደረጋት ምንድን ነው? ታሪኳን ስሚ። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ከማሳቹሴትስ የመጣ አንድ የመርከብ ካፒቴን ሲሲሊ ላይ ብርቱካን ሲጭን ለመንገድ ሥጋ እንዲሆኑት የመንደር ዶሮ ገዝቶ መርከቡ ላይ አሳፈረ። ዶሮዎቹ ባሕር ላይ እንቁላል መጣል ቀጠሉ። ሰውየው ከማረድ እንቁላላቸውን መብላት ይሻለኛል ብሎ ተዋቸው። አገሩ ሲደርስ ዘራቸው ተያዘ። በ1912 የዘሩ አርቢዎች ማኅበር ተቋቋመ፣ በ1918 መመዘኛው መጽሐፍ ውስጥ ገባች። ያን ጊዜ ሰው ተሻምቶባታል።

ከዚያ ምን ሆነ? እንቁላሏ አነስተኛ ነው። ሥጋዋም ብዙ አይደለም፤ ወንዱ 3 ኪሎ ገደማ፣ ሴቷ 2 ኪሎ ከሩብ ገደማ ነው። ጠባብ ቤት ውስጥ ስትዘጊባት ትበረግጋለች፣ ታመናጭቃለች። የዶሮ ርባታ ወደ ኬጅ ሲገባ የተመረጠችው ነጭ ሌግሆርን ናት። የአንድ አካባቢ ልጆች፣ አንደኛዋ ዓለምን ሞላች፣ ሌላኛዋ ብርቅ ከሚባሉት ጋር ተቆጠረች። የቀረችው ጓሯቸው ውስጥ የያዟት ሰዎች ስላልተዉአት ነው። የካታኒያዋ ባልቴት ክቡን አናት እየመረጡ የሚያስቀሩት ያ ሥራ ነው።

የእኛም የሀበሻ ዶሮ እዚያው መንገድ ላይ ናት። ሁሉም ሰው በዓመት ብዙ እንቁላል የምትጥለውን ይፈልጋል። የሚፈልግበት ምክንያትም አለው፤ የሀበሻዋ በዓመት ሃምሳ ስልሳ ብትጥል ነው። ደብረ ዘይት ያሉ የግብርና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የወለጋውን የሆሮን ዶሮ ከውጭ ዘር ሳይቀላቅሉ በምርጫ ብቻ እያሻሻሉ ነው። እንቁላሏም ክብደቷም ጨምሯል። ይህ ለእኔ ትልቅ ተስፋ ነው። ለሰቃና ለዴዶ ዶሮ ግን እንዲህ ያለ ፕሮግራም የለም። እዚያ ያለው እንደ አንቺ ያለ ሰው ነው።

ስለዚህ ለእማማ እንዲህ በያቸው፦ "ይቺ ዶሮ የእናትነት ዶሮ ናት፤ ከታረደች ገበያ ላይ መልሼ አላገኛትም።" ገብስማም ቀይም ሌላ ለበዓል ይፈለግላቸው።

አሁን ወደ ሥራው። አናቱ ከኋላ የተከፈለው ልጇ ጥሩ ነገር ነግሮሻል። የዚህ አናት ዘር ከነጠላ ጋር ሲገናኝ ሙሉ በሙሉ አይሸነፍም፣ ሙሉ በሙሉም አይገዛም። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ልክ እንደ ልጅሽ አውራ ፊቱ ነጠላ፣ ኋላው የተከፈለ ነው። የሌሎቹን ሦስቱን አናት አይተሽ ንገሪኝ። አራቱም በተወሰነ ደረጃ ከተከፈሉ እናታቸው ዘሩን በሁለት እጅ፣ ማለትም ከእናቷም ከአባቷም ወርሳ፣ ይዛለች ማለት ሊሆን ይችላል። ነጠላ የሆነም ካለባቸው በአንድ እጅ፣ ከአንደኛው ወላጇ ብቻ፣ ነው የያዘችው። አራት ጫጩት ለፍርድ ትንሽ ነው። በሚቀጥለው ሲፈለፈሉ ከጎረቤት ጫጩት ጋር እንዳይምታቱብሽ እግራቸው ላይ ላላ አድርገሽ ክር እሰሪ፤ ሲያድጉ እየፈታሽ አስፊው።

አውራው ይኑርሽ ብዬ የምመርጠው ተከፋይ አናት ያለው፣ ግን የእሷ ልጅ ያልሆነ ነው። ካጣሽ ልጇን አንድ ጊዜ ብትጠቀሚ ዓለም አይፈርስም። ከዚያ በኋላ ግን የግድ ከሌላ መንደር ደም አምጪ። በዘመድ እየተገናኙ ሲቀጥሉ መጀመሪያ የሚቀንሰው የሚፈለፈለው እንቁላል ነው።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር። የጎረቤት አውራ ካገኛት በኋላ ዘሩ ሆዷ ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። አዲስ አውራ እንዳስገባሽ የምትጥለውን እንቁላል ለዘር አታስቀሪ። ሦስት ሳምንት ያህል ብሉት። ለዘር የምታስቀሪውን ቀጭኑን ጫፍ ወደ ታች አድርገሽ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጪ። ከሳምንት በላይ አታቆዪው።

ቦሳ ቂጦ ጫጩት

ጋሼ፣ እንዲህ የሚያስረዳ ሰው ብዙ አላገኘሁም። የፋዩሚውን ነገር አሁን ገባኝ። እኔ አናታቸውን አይቼ ልዩነቱን የማውቅ ይመስለኝ የነበረው ነጠላና ድርብ ብቻ ነው።

እህቴ፣ ከዴዶ የሚያመጣልኝ ሰው አለ። ትናንት ስጠይቀው "ቀንድ ያለው" ያለው አውራ ሁለት ቦታ አይቻለሁ አለኝ። ሰዎቹ ለገበያ የሚያወጡት ስለሚያምር ሳይሆን ሰው እንደ ጉድለት ስለሚያየው ነው፤ ዋጋውም ያን ያህል አይሆንም። ሐሙስ እንዲያመጣው ልንገረው?

ክትባቱንም አብረን እንጨርሰው። የፈንግል ክትባት አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ነው የሚመጣው። ከተከፈተ ሌላ ቀን አይደገምም። ጎረቤቶችሽን አሰባስቢና አንድ ቀን አብራችሁ አስከትቡ። ለእያንዳንዱ ሰው ወጪው ትንሽ ነው የሚሆነው። ብልቃጡን ግን በረዶ ውስጥ አድርጋችሁ አምጡት፤ ሙቀት ካገኘው ውሃ ነው የምትሰጧቸው።

የቆጪዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የሌሎቹን አናት አየሁት። ከአራቱ ሦስቱ ከኋላ ተከፍለዋል። አንዷ ሴት ግን ነጠላ ናት፣ ምንም የለባትም። ስለዚህ እናትየዋ በአንድ እጅ ነው የያዘችው ማለት ነው?

አማቴን አነጋገርኳቸው። እርስዎ እንዳሉት ብነግራቸው "የእናትነት ዶሮማ አትታረድም፣ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?" አሉኝ። ወጣት ሆነው ሊሙ ላይ እንዲህ ያለ ቀንድ ያለው አውራ ቤታቸው እንደነበረም ነገሩኝ። ከፋኝ ያልኩትን ትቼዋለሁ።

ወንድሜ፣ አውራውን አስመጣው። ሐሙስ ጠዋት ሂርማታ እመጣለሁ። ግን ዶሮዎቼ ጋ ወዲያው ልቀላቅለው ወይስ?

ጡረተኛው የእርሻ ኮሌጅ ሰው

አዎ ልጄ፣ አንዷ ጥርት ያለች ነጠላ ከሆነች እናትየዋ በአንድ እጅ ነው የያዘችው። ያቺን ቄብ ለእንቁላል ያዣት፣ ለዚህ ሥራ ግን አትቁጠሪያት። የተከፈሉት ሦስቱ ለዘር ይቆዩ።

አውራውን ወዲያው እንዳትቀላቅዪው። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ፤ ከሌሎቹ የራቀ ቦታ፣ የራሱ ውሃና የራሱ ዕቃ ይኑረው። መጀመሪያ የአንቺን መግበሽ እሱን በመጨረሻ መግቢ፣ ጫማሽንም ቀይሪ። የአረንጓዴ ተቅማጥ፣ የአንገት መጠምዘዝ፣ ማንኮራፋት ካየሽበት ወደ ሌሎቹ አታስጠጊው፣ ለእንስሳት ሐኪም ደውዪ። ደህና ከሆነ እዚያው እያለ ይከተብ። ከሥሩ የቡና ገለባ ካነጠፍሽለት በደንብ የደረቀ ይሁን፤ እርጥቡ ሻጋታ ይዞ ሳንባቸውን ይጎዳል። ሲገዙት እግሩንና ከክንፉ ሥር ያለውን ቅማል አይታችሁ፣ አናቱንም ከላይ ሆናችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ላኩልኝ። ሐሙስ ጠዋት ስልኬን ከፍቼ እጠብቃለሁ።